ለአማቴ ዶሮ የሰፋሁት ካፖርት

ለዶሮ ካፖርት የሰፋ ሰው አይታችሁ አታውቁ ይሆናል። እኔ ነኝ፤ እንተዋወቅ።

ፒያሳ ላይ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሙሽራ አልብሻለሁ፣ ዳኛ አልብሻለሁ፣ ከተለካ በኋላ ልብሱ ተሰፍቶ እስኪያልቅ ቦርጭ አብቅሎ የሚመጣ ነጋዴ አልብሻለሁ። እንደዚያች ዶሮ ያስቸገረኝ ደንበኛ ግን የለም። ደረቷን ልለካ ስል ሜትሩን ትነቁረዋለች። ወገቧን ስፈልግ ወገብ የላትም። ትከሻዋ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ እሷም አታውቀውም።

ለዚህ ሁሉ ያበቃኝ እንቁላል ነው። ባለቤቴ አልማዝ አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ ዘንቢሏን አስቀምጣ፣ «ግቢ እያለን እንቁላል እንገዛለን?» አለችኝ። ግቢ ስላችሁ መስክ እንዳይመስላችሁ። እኛ ሰፈር እሪ በከንቱ ውስጥ ግቢ ማለት ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቆሞ ሳይነካካ መንጠራራት የሚችልበት ቦታ ነው። ቢሆንም ሐሳቡ ደስ አለኝ። አምስት ቄብ ገዛን። ቄብ ማለት ገና እንቁላል ልትጀምር የደረሰች ኮረዳ ዶሮ ናት፤ ወዟ የሚያምር፣ አመሏ የማያምር።

ቤታቸውን ከአሮጌ በርና ከቆርቆሮ ቁራጭ ራሴ ሠራሁት። አናጺ ስላልሆንኩ እንደ ኮት ነው የሠራሁት፤ መጀመሪያ ትከሻውን፣ ቀጥሎ ጎኑን፣ መጨረሻ ላይ ኪሱን። ኪስ ያልኩት እንቁላል የሚጥሉበትን ሳጥን ነው። አልማዝ ዞር ዞር ብላ አይታ «እጅጌ ብቻ ነው የቀረው» አለች።

ቄቦቹ እንቁላል የጀመሩት ልክ ሁዳዴ ሲገባ ነበር። ዓመቱ ውስጥ ሌላ ጊዜ የጠፋ ይመስል። እኛ ሽሮ እየበላን እነሱ በየቀኑ ትኩስ እንቁላል እየጣሉ በጩኸት ያበስሩናል። እንቁላሉ ለጎረቤታችን ለከድር ቤት ሆነ። ከድር አትክልት ተራ ያደገ፣ ዛሬም ጥቅል ጎመን የሚያከፋፍል፣ ምላሱ ከእጁ የሚፈጥን ሰው ነው። ጊዜው ረመዳን ስለነበር እንቁላሉ አመሻሽ ላይ ለማፍጠሪያ ይሄዳል፤ በማግስቱ የጎመን ቅጠል ለዶሮዎቹ ይመጣል። «ወንድሜ፣» ይለኛል በአጥር ላይ፣ «እነዚህ ዶሮዎችህ ክርስቲያን ቤት ተቀምጠው የሚሠሩት ለእስላም ነው። ነግሬሃለሁ፣ ኋላ ወሰደብኝ እንዳትል።»

በዚህ መካከል አማቴ እማማ የሺ መጡ።

እማማ የሺ ዕድሜ ልካቸውን የኖሩት ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ አሮጌ ግቢ ውስጥ ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸውና ከወንድ ልጃቸው ከግርማ ጋር አራተኛ ፎቅ ላይ ገቡ። ቤቱ ጥሩ ቤት ነው፤ ወለሉ ፊት ያሳያል። ችግሩ እማማ የሺ ከአሮጌው ግቢ ሁለት ዶሮ ይዘው መውጣታቸው ነው። ዶሮዎቹ በረንዳ ላይ ሰፈሩ። ከበረንዳው በታች ደግሞ ልብስ የሚያሰጡ ሰዎች አሉ። ዝርዝር ውስጥ አልገባም፤ ነጭ ልብስ አስጥቶ የሚያውቅ ሰው ገብቶታል።

ጎረቤት ሲያኮርፍ፣ ግርማ መሐል ገብቶ ይቅርታ ሲጠይቅ፣ እማማ የሺ አንድ ጠዋት ዶሮዎቻቸውን በቅርጫት ይዘው በራችን ላይ ቆሙ።

«ለጥቂት ቀን ነው፣» አሉ።

እኔ የማውቃቸው እማማ የሺ ጓዳ ሆነው መንገድ ላይ የሚያልፈውን ሰው ካልሲ የሚተቹ ሴት ነበሩ። ሰርጋችን ዕለት የራሴን ሱፍ አገላብጠው አይተው «ማን ነው የሰፋልህ? ተጣልታችሁ ነበር?» ያሉኝ እሳቸው ናቸው። አሁን የመጡት ግን ሌላ ሰው ናቸው። ሻይ ላምጣልዎት? «ይሁን።» ቴሌቪዥን ልክፈትልዎት? «ይሁን።» ልዝጋው? «ይሁን።» ከዶሮዎቹ ጋር ብቻ ነበር የሚያወሩት፤ እሱም በሹክሹክታ። አልማዝ ማድቤት ውስጥ ጎትታ አስገባችኝና «እናቴ እዚህ ካልለመደች የት ልትለምድ ነው?» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። «እንዲመቻት እናድርግ። ዶሮዎቿም እንዲመቻቸው።»

ዶሮዎቹ ገብስሜና ቀዮ ይባላሉ። ገብስሜ ዝንጉርጉር፣ ረጅም፣ አንድ ዓይኗ የደከመ፣ አንገቷን አዘንብላ የምታይ ናት። በዚያ አስተያየቷ ሁልጊዜ የሆነ ነገር የጠረጠረች ትመስላለች። ቀዮ አጠር ያለች ቀይ ዶሮ ስትሆን ስትራመድ እንደ አሮጌ ሚኒባስ ወደ ጎን ትላለች። ሁለቱም እንቁላል ከጣሉ ሰንብተዋል። እማማ የሺ ከጫጩትነታቸው ጀምሮ ነው ያሳደጓቸው።

እኔ ታዲያ ነገሩን ቀላል አድርጌ አየሁት። ሁለቱን ይዤ ቄቦቹ ቤት ከተትኩና «ሁላችሁም ዶሮ ናችሁ፤ ተግባቡ» ብዬ በሩን ዘጋሁት።

እስከዚያ ቀን ድረስ ዶሮ ሰላማዊ ፍጥረት ትመስለኝ ነበር። በዶሮ መንደር ግን ማን ቀድሞ እንደሚበላ፣ ማን ከላይ እንደሚያድር፣ ማን ማንን መንቆር እንደሚችል የተወሰነ ነገር ነው። እንግዳ ሲገባ ነገሩ ሁሉ ፈርሶ ከሀ ይጀመራል፤ የሚጀመረውም በክርክር ሳይሆን በመንቁር ነው። ከቄቦቹ አንዷ፣ አልማዝ «ኮማንደር» ያለቻት ደረተ ሰፊ ነጭ ዶሮ፣ ገብስሜንና ቀዮን ገና ስታይ ላባዋን ነፋች። ቀጥሎ የሆነውን ከውጭ ሆኜ በጩኸቱ ነው የተከታተልኩት። በሩን ስከፍት ሁለቱ አሮጊቶች ጥግ ላይ ተደራርበው ቆመዋል፣ ቄቦቹ ግማሽ ክብ ሠርተው ያዩዋቸዋል፣ የቀዮ ላባ ደግሞ አየር ላይ ይንሳፈፋል።

«ይለምዳሉ፣» አልኩ እኔ ፊቴን አረጋግቼ።

አልለመዱም። መኖ ሲቀርብ ኮማንደር ከፊት ቆማ አሮጊቶቹን ታባርራለች። ቆጡን ደግሞ ከፍ አድርጌ የሠራሁት ለቄቦቹ ጉልበት ስለሆነ እነ ገብስሜ መዝለል ተስኗቸው መሬት ላይ ያድራሉ። በሳምንቱ የቀዮ ጀርባ ተመልጦ ደም አወጣ። ደም ደግሞ ዶሮን ያሳብዳል፤ አንዷ ካየች ሁሉም እየመጡ እዚያው ላይ ጠቅ ነው።

እማማ የሺ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ቀዮን ጭናቸው ላይ አድርገው ጀርባዋን ቅቤ ቀቧት። «አይዞሽ፣» አሏት። «ሰው ቤት እንዲህ ነው።»

ይህን የሰማሁት በመስኮት ነው። ሰው ቤት! የልጃቸው ቤት ሰው ቤት ሆነ! ያን ቀን መርፌ ጣቴን ወጋኝ፤ በሥራዬ ለስንት ዘመን ወግቶኝ የማያውቅ መርፌ።

ከድርን አማከርኩት። ከድር ዶሮ አርብቶ አያውቅም፤ ይህ ግን ከመምከር አያግደውም።

«ሴቶች ብቻቸውን ሆነው ነው የሚጣሉት፣» አለኝ። «አውራ ዶሮ አስገባላቸው፤ ሽማግሌ ይሆናቸዋል። የአጎቴ ልጅ ጋ አንድ አለ፣ ግርማ ሞገሱን ብታይ አንተ ራስህ ነህ ቆመህ የምታሳልፈው።»

አመጣልኝ። እውነትም ግርማ ሞገስ ነበረው። ገብቶ ደረቱን ነፍቶ አንዴ ጮኸ፤ ሰባቱም ዶሮዎች ዝም አሉ። «አየህ!» አለ ከድር። ከዚያ ሽማግሌው መኖውን በሙሉ ብቻውን በላ። ከበላ በኋላ ደግሞ አውራ ዶሮ የሚሠራውን ሥራ ጀመረ፤ ሮጣ ማምለጥ የማትችለው ቀዮ ስለሆነች እሷ ጀርባ ላይ ወጣ። የቀረው ላባዋ በዚያው አለቀ።

ልይዘው ስንደረደር አጥር ዘሎ ወጣ። ሜትሬ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ በነጠላ ጫማ ተከተልኩት። ቁልቁል ሮጠ፣ ወደ ግራ ታጠፈ፣ ታክሲ ወደሚጠበቅበት ወጣና በሩ ተከፍቶ የቆመ ሚኒባስ ውስጥ ዘሎ ገባ። እኔም ልገባ ስል ተራ አስከባሪው ክንዴን ያዘኝ።

«ጋሼ፣ ተራ ይያዙ!»

«ዶሮዬ ገብቶ ነው!»

«እሱ ተራውን ጠብቆ ነው የገባው።»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ወያላው ደግሞ «አራት ኪሎ፣ አራት ኪሎ! አንድ ሰው የቀረው! ዶሮው ይታቀፋል!» እያለ ይጣራል። ኋላ ወንበር ላይ የነበሩ አንዲት እናት አውራውን ክንፎቹን ገጥመው ይዘው፣ ክብደቱን በእጃቸው ገምተው፣ «ለበዓል ነው? ይሸጣል?» አሉኝ። «የሰው አደራ ነው» ብዬ ተቀበልኳቸው። ዳገቱን ስወጣ አቅፌው ነበር፤ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «እንኳን አደረሰህ» ይለኛል።

አውራው ወደ አጎት ልጅ ተመለሰ። ካፖርቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ሱቄ ውስጥ የቀዮን ጀርባ እያሰብኩ ስቆርጥ፣ ሰው ሲበርደው ልብስ እሰፋለሁ፣ ዶሮ ስትመለጥ ምን ይከለክለኛል አልኩ። ከአንድ ሙሽራ ሱፍ የተረፈ ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ነበረኝ፤ ጥሩ ጨርቅ፣ ለዓይንም ለእጅም የሚጥም። ጀርባዋን የሚሸፍን፣ በክንፎቿ ሥር በላስቲክ የሚያዝ አንድ ነገር ሰፋሁ። ገበር አደረግኩበት። ገበር ያለው ደግሞ ኮሌታ ያምርበታል ብዬ ትንሽ ኮሌታ ጨመርኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሕይወቴ ከሰፋኋቸው ነገሮች ውስጥ የኮራሁበት እሱን ነው።

ቀዮን አልብሼ ግቢ መሐል አቆምኳት። አንድ እግሯን አነሳች። መልሳ አስቀመጠች። ወደ ኋላ ሄደች። እንደገና ወደ ፊት። ከዚያ፣ ለመሐላ የሚበቃ ነገር ነው የምላችሁ፣ እንደ ጡረታ የወጣ ጄኔራል ደረቷን ይዛ ግቢውን አቋርጣ አለፈች። ኮማንደር አይታት ጮኻ ሸሸች። ሌሎቹም ተከተሏት።

እማማ የሺ በርጩማቸው ላይ ሆነው አዩ። ከዚያ ሳቁ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ትከሻቸው እየተነቃነቀ፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ምነው ቁልፍ አልተከልክላት!» አሉኝ። አልማዝ ከማድቤት ብቅ ብላ እናቷን ስታይ የጣደችው ቡና ገነፈለ፤ ማንም ግድ አልሰጠው።

በዚያው ቅጽበት ሙሽራው መጣ። ዘመዳችን ስለሆነ ሱፉን ለመጨረሻ ጊዜ ሊለካ ቤት ድረስ ነው የመጣው። በር ላይ ቆመና ቀዮን አየ፣ ግድግዳው ላይ የሰቀልኩለትን ኮት አየ፣ እንደገና ቀዮን አየ።

«ጋሼ፣» አለ ቀስ ብሎ፣ «ይቺ ዶሮ የኔን ሱፍ ነው የለበሰችው?»

«ሚዜህ ናት፣» አልኩት። ሌላ ምን ልበል?

ደስታችን ግን አልቆየም። እስካሁን ቀዮን ተደግፋ የኖረችው ባልንጀራዋ ገብስሜ ከቤቱ ኋላ ስትመጣ ካፖርት ከለበሰ ፍጡር ጋር ተገጣጠመች። አንገቷን አዘንብላ በደህናው ዓይኗ አየችው። አላወቀችውም። ዶሮ ባልንጀራዋን የምታውቀው በመልኳ ነው፤ መልክ ሲቀየር አዲስ ሰው መጣ ማለት ነው። ገብስሜ ላባዋን ነፍታ ዘለለችባት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ተጣልተው የማያውቁ ሁለት አሮጊቶች አቧራው ውስጥ ተያያዙ።

ካፖርቱን ገፍፌ አላቀቅኋቸው። ቀና ስል የእማማ የሺ ሳቅ የለም። ፊታቸው ወደ መጣበት ተመልሷል።

ማታውን ራት አልበሉም። በማግስቱ ግርማ ሲደውል ስልኩን በረጅሙ ያዳምጡና «ይሁን… ይሁን…» ይላሉ። ከዘጉ በኋላ እኔን ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ቅዳሜ ግርማ ይወስደኛል። ዶሮዎቹን አንተው ጋ ልተዋቸው።»

«እማማ፣ እዚህ ምን ጎደለብዎት?»

«ምንም። አስቸገርናችሁ። እነሱም አረጁ።» ወደ ቅርጫታቸው አዩ። «በዓሉም ደርሷል። አንተው እረዳቸው። ብቻ ሳታሠቃይ። ሌላ ሰው እንዳይነካቸው።»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው አልተለወጠም፤ እጃቸው ብቻ ነጠላቸውን ይጠቀልላል፣ ይፈታል። አልማዝ በር ላይ ቆማ ሰምታለች። ምላስ ያለው ሰው ነኝ እኮ፤ ለደንበኛ የማይገጥም ሱሪ አድንቄ የምሸኝ። ያን ቀን ግን ኮቴን አንሥቼ ወጣሁ።

አራት ኪሎ አካባቢ አንዲት የእንስሳት ሐኪም አለች። ወረፋው ውስጥ ከድመትና ከውሻ ባለቤቶች መሐል ተቀምጬ ጠበቅኋት። ጉዳዬን ከእንቁላሉ ጀምሬ ነገርኳት። ካፖርቱ ላይ ስደርስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ኮሌታ ነበረው?» አለችኝ።

«ነበረው።»

ሳቋን ዋጥ አድርጋ ምክሯን ሰጠችኝ። ዶሮዎቹን በሽቦ ለዩአቸው፣ ግን ይተያዩ፤ እያዩ ይለማመዳሉ። መኖና ውሃ በሁለት ቦታ ይሁን፤ አንዷ ሁለት ቦታ መቆም አትችልም። ለአሮጊቶቹ ዝቅ ያለ ቆጥና የሚወጡበት መሰላል ሥሩ። የምታስቸግረዋን ለጥቂት ቀን ከግቢው አውጧት፤ ስትመለስ እሷም እንግዳ ትሆናለች። የቀዮን ቁስል የምቀባው መድኃኒትም ሰጠችኝ። «ጎመን ደግሞ በገመድ አንጠልጥሉላቸው። ሥራ የያዘ መንቁር ሰው አይነቁርም።»

ተመልሼ ሥራ ጀመርኩ። ሽቦውን ዘረጋሁ። ከድር ጥፋቱን የሚክስ መስሎት አንድ ትልቅ ጥቅል ጎመን ተሸክሞ መጣና ራሱ ሰቀለው። ቄቦቹ ጎመኑን ሲነቁሩት ይወዛወዛል፣ ሲወዛወዝ ይናደዳሉ፣ ሲናደዱ ይነቁሩታል። «እኔም ቤት አንድ ብሰቅል አማቾቼ ይረጋጉ ነበር» አለ ከድር።

ኮማንደርን በካርቶን አድርጌ ሱቄ ወሰድኳት። መቁረጫ ጠረጴዛው ሥር አሰርኳት። ሁለት ቀን ጮኸች፤ ደንበኞቼ የስፌት መኪናው ተበላሽቶ መስሏቸው ዘይት አድርግበት ይሉኛል። በሦስተኛው ቀን ረጋች። ቁልፍ በማስቀምጥበት ሳጥን ውስጥ እንቁላል ጥላ ጠበቀችኝ።

ቆጡን ዝቅ ሳደርግ ኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

«አሁንም ከፍ ብሏል።»

እማማ የሺ ናቸው። ከበርጩማቸው ተነሥተዋል።

«ይህን ያህል?»

«ዝቅ። የኔን ጉልበት አስበህ ሥራው። እኔ የማልወጣበትን እነሱም አይወጡበትም።» ጠጋ ብለው መሰላሉን ነካ አደረጉ። «ይሄ ያንሸራትታል። ጨርቅ ጠምጥምበት። ጨርቅ ደግሞ አንተ ጋ ሞልቷል፤ ለዶሮ ኮሌታ የሚሰፋ ሰው ነህ።»

መዶሻውን እንደያዝኩ ቀረሁ። አልማዝን በዓይኔ ፈለግኋት። ማድቤት በር ላይ ቆማ በእጇ «ዝም በል፣ ዝም በል» ትለኛለች። መሰላሉን ጨርቅ ጠመጠምኩበት። ሁለት ጊዜ አስፈቱኝ።

ዓርብ ጠዋት ኮማንደርን መልሼ አመጣኋትና ሽቦውን አነሣን። ሁሉም ግቢው ውስጥ ወጡ። ለትንሽ ጊዜ ሰላም ሆነ። ከዚያ ኮማንደር ዙሪያ ገባውን አየችና የቀድሞ ሥልጣኗ ትዝ አላት መሰለኝ፣ ላባዋን ነፍታ ወደ ቀዮ መራመድ ጀመረች። እማማ የሺ ከንፈራቸውን ነከሱ።

ጭልፊቱ የወረደው ያኔ ነው።

ፒያሳ ላይ ጭልፊት አዲስ ነገር አይደለም፤ ሥጋ ቤት ባለበት ሁሉ ሰማዩን ይዞራል። ቄቦቹ ግን እርባታ ጣቢያ ጣራ ሥር ያደጉ ናቸው፤ ሰማይ አደጋ ያለው ነገር መሆኑን ማን ነግሯቸው? ጥላው መሬት ላይ ሲያልፍ አንገታቸውን አንጋጠው እንደ ሀገር ጎብኚ ያያሉ። ጭልፊት ትልቅ ዶሮ አይደፍርም ሲባል ሰምቻለሁ፤ ያኛው ግን አልሰማም።

ገብስሜ ሰምቼ የማላውቀውን ድምፅ አወጣች። ጩኸት አይደለም፤ ከደረት የሚወጣ፣ ረጅም፣ የሚንቀጠቀጥ ነገር ነው። ቀዮ በዚያ በማትረባ እግሯ ቆጡ ሥር ገባች። ቄቦቹም ምን እንደሆነ ሳያውቁ ድምፁን ተከትለው እየተገፋፉ ገቡ። ኮማንደር ብቻ መሐል ሜዳ ላይ ደርቃ ቀረች። ጭልፊቱ ጭራዋን ያዘ። እኔ እጄ ላይ የነበረውን መዶሻ እንዳልወረውር ፈራሁ፤ ከወረወርኩ የምመታው ዶሮዋን ነው። እማማ የሺ ግን አልፈሩም። ጫማቸውን አውልቀው «ዞር በል፣ አንተ ሌባ!» ብለው ወረወሩት፤ ጓዳ ሆነው መንገዱን በሚገዙበት በድሮው ድምፃቸው። ገብስሜም ከሥር ወጥታ ክንፏን ዘርግታ ዘለለች። ጭልፊቱ ጥቂት የጭራ ላባ ይዞ ወደ ላይ ተነሣ። ጫማው የከድር ግቢ ውስጥ ወደቀ።

«ማን ነው?» ይላል ከድር በአጥሩ ማዶ። «ሰላም ነው? ምን አደረግኩ?»

ኮማንደር ጭራ አልባ ሆና ሮጣ ገብስሜ ክንፍ ሥር ገባች። የገባው ጭንቅላቷ ብቻ ነው፤ የቀረው ሰውነቷ ደጅ ነበር። ገብስሜ አዘንብላ አየቻት። ጭንቅላቷ ላይ አንዴ ጠቅ አደረገቻት፤ በኃይል አይደለም፣ ለማወቅ ያህል ብቻ። ከዚያ ክንፏን ዝቅ አደረገችላት።

ወዳጅ ሆኑ ብዬ አልዋሻችሁም። አሁንም ይገፋፋሉ፣ አሁንም አንዳንዴ ላባ ይበራል። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ መኖ ሲቀርብ ገብስሜ ሳትጀምር ማንም አይነካም፤ የቀዮም ጀርባ ትናንሽ አዲስ ላባ እንደ እሾህ ብቅ ብቅ አድርጓል። እማማ የሺ ደግሞ ያን ዕለት ጫማቸውን ሊያስመልሱ አጥሩ ጋ ቆመው ከከድር ጋር ስለ ጎመኑ ጥራት ለረጅም ጊዜ ተከራከሩ። ውጪው ቅጠል ጠውልጓል አሉት። ከድር በአላህ እየማለ ተከላከለ። አልማዝ ማድቤት ውስጥ ሆና ክርክሩን እንደ ዜማ ስታዳምጥ አየኋት።

ቅዳሜ ግርማ መኪና ተውሶ መጣ። ሞተሩን ሳያጠፋ በሩን አንኳኳ። እማማ የሺ ግቢው መሐል ለዶሮ ቤቱ ማስፋፊያ የሚሆን ቆርቆሮ በአንድ ጫፍ ይዘው ቆመዋል፤ ሌላው ጫፍ እኔ እስክይዘው መሬት ላይ ነው።

«እማዬ፣ ዕቃሽ የታለ?» አለ ግርማ።

«የምን ዕቃ?»

«ቅዳሜ ና ብለሽኝ እኮ ነው። እንሂድ፣ ሰው መኪና ነው።»

«ዶሮዎቼን ለማን ጥዬ?»

ግርማ እኔን አየኝ፤ እኔ ቆርቆሮውን አየሁ። «ሁለቱንማ ይዘናቸው እንሄዳለን፣» አለ። «ጎረቤቶቹን አነጋግሬያቸዋለሁ፤ በረንዳውን በላስቲክ እንሸፍነዋለን።»

«የምን ሁለት?» አሉ እማማ የሺ። «ሰባት ናቸው።»

አፌን ከፈትኩ። አምስቱ የማን እንደሆኑ፣ ማን እንደገዛቸው፣ ቤታቸውን ማን እንደሠራ ልናገር ስል አልማዝ ከኋላ መጥታ እግሬን ረገጠችኝ። አፌን ዘጋሁ። ጎንበስ አልኩና የቆርቆሮውን ሌላ ጫፍ አነሣሁ።

«ዝቅ አድርገው፣» አሉኝ አማቴ።